ሲሲል ኪምበርና ባለ ሁለት መቀመጫዋ መኪና

መኪና በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ሰው እንደምትይዝና ስንት ኩንታል እንደምትጭን ነው። ስለዚህ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፤ ጣራዋ ሸራ የሆነ፤ ዕቃ መያዣዋም ከአንድ ሻንጣ የማያልፍ መኪና ስናይ ይህችስ ለምን ትጠቅማለች እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለችውን መኪና ለመሥራት ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሰው ነበረና፤ የእርሱን ታሪክ ብናውቅ መልሱን እናገኘዋለን ብዬ አስባለሁ። ይህ ሰው ኤም ጂ የሚባሉትን የእንግሊዝ የስፖርት መኪናዎች ያስገኘው ሲሲል ኪምበር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲሲል ኪምበር በ1888 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በስቶክፖርት ከተማ ከተከታተለ በኋላ የማተሚያ ቀለም በሚሠራው በአባቱ ድርጅት ውስጥ ሥራ ያዘ። በወጣትነቱ የሞተር ብስክሌት ፍቅር አድሮበት ነበር። አንድ ቀን ግን የጓደኛውን ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ብርቱ አደጋ ደረሰበትና ቀኝ እግሩ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ሞተር የሚባል ነገር በዓይኔ አልይ ባለ ነበር። ኪምበር ግን ሁለቱን ጎማ ትቶ ወደ አራቱ ጎማ ዞረና በ1913 ዓ.ም. ሲንገር የተባለች አንዲት ትንሽ መኪና ገዛ።

በ1914 ዓ.ም. የአባቱን ሥራ ተወና በአንድ የመኪና ፋብሪካ የዋናው ንድፍ አውጪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሙያውን ብልሃት ተማረ። ከጦርነቱ በኋላ ያጠራቀመውን ገንዘብ የመኪና ዕቃ በሚሠራ በአንድ ኩባንያ ውስጥ አገባ፤ ኩባንያው ግን ከሰረና ገንዘቡ ጠፋ። እንግዲህ ኪምበር ዕድሜው ከሠላሳ ካለፈ በኋላ አንካሳ እግርና ባዶ ኪስ ይዞ እንደ ገና ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገደደ።

በ1921 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ከተማ ሄዶ በሞሪስ ጋራዥ የሽያጭ ኃላፊ ሆነ፤ በሚከተለውም ዓመት ዋና ሥራ አስኪያጅ ተደረገ። የጋራዡ ባለቤት ዊልያም ሞሪስ ከብስክሌት ጥገና ተነሥቶ ለብዙ ሰው የሚሆን ርካሽ መኪና እስከ መሥራት የደረሰ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ፈጣንና ያማረች መኪና የባለጸጎች ንብረት ነበረች፤ መካከለኛ ደመወዝ ያለው ወጣት በመንገድ ስታልፍ ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ ዕድል አልነበረውም። ኪምበር ይህን ተመለከተ። ነገር ግን አዲስ ሞተር የሚፈጥርበት ፋብሪካ አልነበረውም፤ በእጁ ያለው ተራው የሞሪስ መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ባለው ነገር ጀመረ። የሞሪስን ሻንሲ ወስዶ ባሌስትራውን ዝቅ አደረገ፤ የመሪውን ዘንግ አጋደመ፤ ሞተሩን በጥንቃቄ አስተካከለና በላዩ ቀላልና ያማረ አካል አሠራለት። እነዚህ መኪናዎች ኤም ጂ ተባሉ፤ ይኸውም ሞሪስ ጋራዥ የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የኤም ጂ ምልክትም በ1924 ዓ.ም. በሕግ ተመዘገበ።

በ1925 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ኪምበር ራሱ አንዲት ጠባብና ቀላል መኪና እየነዳ እስከ እንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ጫፍ በሚደረገው የላንድስ ኤንድ የፈተና ጉዞ ተካፈለ፤ የወርቅ ሽልማትም አገኘ። ያች መኪና ከመጀመሪያዎቹ ኤም ጂዎች በኋላ የተሠራች ብትሆንም፤ ለውድድር ተብላ የተሠራች በመሆኗ አሮጌዋ ቁጥር አንድ የሚል ስም ወጥቶላታል።

የኪምበር ሐሳብ ፍጹም ፍሬ ያፈራው ግን በ1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በለንደን የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ሚጀት የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና አቀረበ። ሻንሲዋ የትንሿ የሞሪስ ማይነር ነው፤ ሞተሯ 847 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ አካሏም ከእንጨት ተሠርቶ በጨርቅ የተለበጠ፤ ከበስተኋላው እንደ ጀልባ የሾለ ነበር። ዋጋዋ 175 ፓውንድ ስለ ነበረ፤ ቀድሞ ቆሞ ይመለከት የነበረው ወጣት አሁን ገዢ ሊሆን ቻለ። ከዚህች ዓይነት መኪና ከ3,200 በላይ ተሠርተዋል። ሥራው ስለ ሰፋም በ1929 ዓ.ም. ፋብሪካው ከኦክስፎርድ አጠገብ ወዳለችው ወደ አቢንግደን ከተማ ተዛወረ።

እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና የሰውን ልብ የምትማርክበት ምክንያት ምንድን ነው? አንደኛ፤ ክብደቷ ትንሽ ስለ ሆነ ትንሹ ሞተር አይከብደውም፤ ፍሬንም ሲያዝ ቶሎ ትቆማለች። ሁለተኛ፤ ለመሬት የቀረበች ስለ ሆነች በመታጠፊያ ላይ እንደ ረዣዥሞቹ መኪናዎች አታዘነብልም። ሦስተኛ፤ ነጂው መንገዱንና ነፋሱን በቅርብ ስለሚያገኝ ተጭኖ የሚሄድ ሳይሆን ራሱ የሚሮጥ ይመስለዋል። በአገራችን ለረዥም መንገድ በቅሎ፤ ለጉግስ ግን ፈረስ ይመረጣል። ፈረሱ ብዙ አይጭንምና አይረባም የሚል ሰው የለም። ባለ ሁለት መቀመጫዋ መኪናም እንደ ፈረሱ ናት።

የኪምበር መኪናዎች በእሽቅድድም ሜዳ ታላቅ ዝና አገኙ። በ1931 ዓ.ም. ጆርጅ አይስተን በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በሞንሌሪ ሜዳ በ750 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ፤ በዚህ መጠን ሞተር ይህን ፍጥነት ያለፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያ በሚሌ ሚልያ ውድድር የኤም ጂ ቡድን የቡድኑን ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት ዝነኛው ኢጣልያዊ ታጽዮ ኑቮላሪ በሰሜን አየርላንድ የቱሪስት ትሮፊ ውድድር በኤም ጂ አሸነፈ።

ከዚህ በኋላ የኀዘኑ ምዕራፍ ይጀምራል። ኪምበር ይህን ሁሉ ቢሠራም የፋብሪካው ባለቤት አልነበረም። በ1935 ዓ.ም. ሞሪስ፤ በዚያን ጊዜ ሎርድ ናፊልድ ተብሎ ነበር፤ ኤም ጂን ለትልቁ የሞሪስ ኩባንያ አስረከበ። የእሽቅድድሙ ክፍል ተዘጋ፤ የንድፍ ሥራውም ከአቢንግደን ተወሰደ። ኪምበር ቀድሞ በራሱ ሐሳብ ይሠራ የነበረውን አሁን ሌሎችን እየጠየቀ የሚሠራ ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ ብሎ የበላዮቹን ሳያስፈቅድ የአውሮፕላን ሥራ ተዋዋለ። በዚህም ምክንያት በ1941 ዓ.ም. ሥራውን እንዲለቅ ተደረገ። ሃያ ዓመት የደከመበትን በር ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ በሌሎች ኩባንያዎች ተቀጥሮ ሠራ። በየካቲት ወር 1945 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ከጣቢያው አጠገብ ባለው ዋሻ ውስጥ አቀበቱን ሲወጣ መንኰራኵሮቹ አዲስ በተተከለው ሐዲድ ላይ ተንሸራተቱ፤ ጨለማም ስለ ነበረ ነጂው ሳያውቀው ባቡሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። የመጨረሻው ሠረገላ ከሐዲዱ ወጥቶ ተገለበጠና ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከሁለቱ አንዱ ኪምበር ነበር። ዕድሜውን በፍጥነት ሥራ የፈጸመው ሰው፤ በዝግታ ወደ ኋላ በሚንሸራተት ባቡር ውስጥ በ56 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ።

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም። እርሱ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፤ በዚያው በ1945 ዓ.ም.፤ ፋብሪካው ቲ ሲ የተባለችውን ሚጀት አወጣ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ አገር የሰነበቱ አሜሪካውያን ወታደሮች እነዚህን ትንንሽ መኪናዎች ወደዷቸው፤ ወደ ሁለት ሺህ የሚሆኑ ቲ ሲዎችም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1962 ዓ.ም. የወጣችው ኤም ጂ ቢ ደግሞ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከነልዩ ልዩ ዓይነቷ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች። የአቢንግደን ፋብሪካ በ1980 ዓ.ም. ተዘጋ። ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ የቀድሞዎቹን የእንግሊዝ መኪናዎች አርአያ ተከትሎ ኤም ኤክስ 5 የተባለች ቀላል ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና አቀረበ። እርሷም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎች አብዛኛዎቻችን በሌላ ሰው መሥሪያ ቤት እንቀጠራለን እንጂ የራሳችን ፋብሪካ አይኖረንም። የምንደክምበት ነገር በስማችን ላይጠራ ይችላል፤ አንድ ቀንም ከእጃችን ሊወሰድ ይችላል። ኪምበር ይህ ሁሉ ደርሶበታል። በመኪናው ላይ የተለጠፈው ምልክት እንኳ የአሠሪው ስም እንጂ የእርሱ አልነበረም። ነገር ግን ተራውን ዕቃ ይዞ ለተራው ሰው ደስታን ሠርቷል፤ ያን ደስታ ማንም ሊወስድበት አልቻለም። መግቢያችን ላይ ይህች መኪና ለምን ትጠቅማለች ብለን ጠይቀን ነበር። ሁለት ሰዎችን ደስ እያላቸው ወደሚሄዱበት ታደርሳለች። ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ይህ ትንሽ ነገር ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።