ሱን ሲሚያው፦ ከመድኃኒት በፊት ምግብን ያስቀደመው ሐኪም

ቻይናውያን የመድኃኒት ንጉሥ የሚል ማዕረግ የሰጡት ሱን ሲሚያው የተወለደው ዛሬ በሻአንሺ ክፍለ ሀገር በቶንግቹዋን ከተማ ሥር በሚገኘው ያውጆው ነው። ስለ ልደቱ ዓመት የታሪክ ጸሐፊዎች ባይስማሙም፣ በሰፊው የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 581 ነው። ያረፈው ደግሞ በ682 ነው።

በልጅነቱ ሕመም ይደጋገምበት ስለነበር፣ ለሐኪምና ለመድኃኒት የወጣው ወጪ የቤተሰቡን ጥሪት አሟጠጠው። በሽታ ገላን ብቻ ሳይሆን ቤትንም እንደሚያራቁት በራሱ ሕይወት ያየው ወጣት፣ ፊቱን ወደ ሕክምና ትምህርት መለሰ።

ዝናው ቤተ መንግሥት በደረሰ ጊዜ የታንግ ነገሥታት ታይዞንግና ጋውዞንግ ሹመት አቀረቡለት፤ እርሱ ግን አልተቀበለም። በተራሮች መካከል ዕፅዋት እየሰበሰበ ድኻውንም ባለጸጋውንም ያክም ነበር። ሐኪም የታማሚውን ሀብትና ማዕረግ ሳይመለከት ሁሉንም በእኩል ርኅራኄ ማየት እንዳለበትም አጥብቆ ጽፏል።

በ652 ገደማ ባለ 30 ጥራዙን ታላቅ መጽሐፍ አጠናቀቀ። የሰው ነፍስ ከሺህ ወርቅ ይበልጣል በሚል እምነት ሺህ ወርቅ የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ አኖረ። መጽሐፉ ከ5,000 በላይ የመድኃኒት ቅመማዎችን ሲይዝ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ሕክምና ከሌሎቹ ሕመሞች አስቀድሞ ያነሣል። 26ኛው ጥራዝ ለምግብ የተሰጠ ሲሆን፣ ፍራፍሬን፣ አትክልትን፣ እህልን እንዲሁም የእንስሳትን ሥጋ በየወገናቸው ይዘረዝራል።

የሱን ሲሚያው መርሕ ግልጽ ነበር፤ ሐኪም በመጀመሪያ የሕመሙን ምንጭ ይለያል፣ ቀጥሎ በምግብ ያክማል፣ ወደ መድኃኒት የሚሄደው ምግብ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ነው። መድኃኒት በባሕርዩ ኃይለኛ ስለሆነ በከንቱ መወሰድ የለበትም ብሎ ያምን ነበር። ከመጠን በላይ መጥገብን፣ በተለይም በምሽት፣ ይከለክላል፤ ከምግብ በኋላ መጠነኛ የእግር ጉዞን ይመክራል።

የማዕድ ሚዛንንም ከወቅቶች ጋር አያይዞታል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ኮምጣጣ ጣዕም ከጉበት፣ መራራ ከልብ፣ ጣፋጭ ከጣፊያ፣ የሚፋጅ ከሳንባ፣ ጨዋማ ከኩላሊት ጋር ይዛመዳል። ጸደይ ጉበት የሚበረታበት ወቅት በመሆኑ፣ ጣፊያን እንዳይጫነው ኮምጣጣው ተቀንሶ ጣፋጩ እንዲጨመር ያዝዛል። በክረምት ብርድ ደግሞ ጨዋማው ይቀነሳል፣ መራራው ይጨመራል።

ይህ የጣዕም ሥርዓት የዘመኑ ፍልስፍና ነጸብራቅ ነው። ከምክሮቹ መካከል ግን የዛሬው ሳይንስ ምክንያታቸውን የገለጠላቸው አሉ። ለዳፍንት የእንስሳት ጉበት እንዲበላ አዝዟል፤ ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። ለእንቅርት የባሕር ውስጥ ዕፅዋትን አዝዟል፤ እነዚህም አዮዲን ይዘዋል። ጉበትም ሆነ የባሕር ዕፅዋት ከማዕድ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

በስተርጅናው ጽሑፉን የሚያሟላ ሌላ ባለ 30 ጥራዝ መጽሐፍ ጨመረ። ደቀ መዝሙሩ መንግ ሸንም የመምህሩን መንገድ ተከትሎ ለምግብ ሕክምና ብቻ የተሰጠ መጽሐፍ አዘጋጀ። በትውልድ አገሩ ያለው ተራራ ዛሬ የመድኃኒት ንጉሥ ተራራ ተብሎ ይጠራል፤ በዚያም ለሐኪሙ መታሰቢያ የቆመ ቤተ መቅደስ ይገኛል።