ባቡርን በአየር ያቆመው ሰው፤ የጆርጅ ዌስቲንግሐውስ ሕይወት

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ የሚሄድ መኪና የዴዴሳን ሸለቆ ሳይወርድና ሳይወጣ አያልፍም። ቡና የጫነ ካሚዮን ከነተሳቢው ይህን ቁልቁለት ሲይዝ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ፥ ፍሬኑን በትዕግሥት እየያዘና እየለቀቀ ይወርዳል፤ ረዳቱም ታኮውን ከአጠገቡ አያርቅም። በዚያ ሰዓት የሚያስፈራው ሞተሩ ሳይሆን ከኋላ ያለው ተሳቢ ነው። ተሳቢ ዳገት ላይ ይጎተታል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ይገፋል። የራሱ ፍሬን ከሌለው፥ ወይም ፍሬኑ ከፊተኛው መኪና ጋራ ተስማምቶ የማይዝ ከሆነ፥ ፊተኛውን ገፍቶ ከመንገድ ያስወጣዋል፤ አለዚያም በመጋጠሚያው ላይ ተጣጥፈው ሁለቱም አንድ ላይ ይገለበጣሉ።

ይህ ችግር ከመኪና ጋራ የመጣ አይደለም። መኪና ከመፈጠሩ በፊት ባቡር አይቶታል፤ በባቡር ላይ መላ ያገኘለትም ጆርጅ ዌስቲንግሐውስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ስሙን በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ተጽፎ ያየ ብዙ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ፍሬን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንባቢዎቻችን በተለይም በሥራ መስክ ገና የተሰማራችሁ ወጣቶች ይህን ታሪክ ብታውቁት ይጠቅማል ብለን አቅርበነዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌስቲንግሐውስ ጥቅምት 6 ቀን 1846 ዓ.ም. በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሴንትራል ብሪጅ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ባለ ፋብሪካ ስለ ነበረ፥ ቤተሰቡ ስኬነክተዲ ወደ ተባለው ከተማ ከተዛወረ በኋላ ልጁ ያደገው በብረትና በዘይት መካከል ነው። የርስ በርሱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ገና ልጅ ሳለ በ1863 ወደ ጦሩ ገባ፤ በመጀመሪያ በፈረሰኛ፥ ቀጥሎም በባሕር ኃይል የመርከብ መሐንዲስ ረዳት ሆኖ አገለገለ። አልበርት የሚባለው ወንድሙ በዚሁ ጦርነት ሞተ። በ1865 ሲመለስ ለአንድ የእንፋሎት ሞተር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያም ዩኒየን ኮሌጅ ገብቶ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ትቶ ወጣ። (ይህን ያነበበ ተማሪ ሁሉ እንደርሱ ካላደረግሁ እንዳይል። ዌስቲንግሐውስ ትምህርት ቤቱን የተወው ሌላ ትምህርት ቤት፥ ማለት የአባቱ ፋብሪካ፥ ስለ ነበረው ነው።)

በ1866 በስኬነክተዲና በትሮይ መካከል ሲጓዝ ሁለት የጭነት ባቡሮች ተጋጭተው መንገዱን ስለ ዘጉት እርሱ የተሳፈረበት ባቡር ቆመ። ቀኑ ብሩህ፥ ሐዲዱም ቀጥ ያለ ሜዳ ነበረ። ሁለቱ ነጂዎች ከሩቅ ተያይተው ነበር። ነገር ግን መተያየታቸው ምንም አልጠቀማቸውም፤ ለማቆም ጊዜ አልነበራቸውምና።

ጊዜ ያጡበት ምክንያት እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፉርጎ ለብቻው በእጅ የሚጠመዘዝ ፍሬን ነበረው። ነጂው ፊሽካ ሲነፋ ፍሬን ያዦች የተባሉት ሠራተኞች ከፉርጎ ጣራ ወደ ፉርጎ ጣራ እየዘለሉ ጎማ የሚመስለውን ማዞሪያ አንድ በአንድ ያጠብቁ ነበር። ይህም በዝናብም በበረዶም በሌሊትም ነው። ከጣራ ወድቆ የሞተው፥ እጁን ያጣው ሠራተኛ ብዙ ነው። ባቡሩም ቢሆን አንዱ ፉርጎ ሲይዝ ሌላው እየገፋ፥ እየተላተመ፥ ከብዙ ርቀት በኋላ ነበር የሚቆመው። የእኛ ረዳት ታኮ ይዞ ከተንቀሳቃሽ መኪና ሲዘል ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

የሃያ ዓመቱ ወጣት አንድ ሰው ካለበት ሳይነሣ ፉርጎዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚይዝበትን ዘዴ ያስብ ጀመር። በሰንሰለት ሞከረ፤ ባቡሩ ሲረዝም ሰንሰለቱ አይሠራም። በእንፋሎት አሰበ፤ እንፋሎት ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። በዚህ መካከል በአንድ መጽሔት ላይ በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል ያለውን የሞን ሰኒን ተራራ የሚበሱ ሠራተኞች መሰርሰሪያቸውን በታመቀ አየር እንደሚያንቀሳቅሱ፥ አየሩም ከሩቅ በቱቦ እንደሚመጣላቸው አነበበ። አየር ቢቀዘቅዝ ውኃ አይሆንም። መልሱ ይኸው ሆነ። በ1867 ማርገሪት ዎከርን አግብቶ ነበርና ጎጆውን ሳያደላድል ገንዘብ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነበት፤ በመጨረሻ በፒትስበርግ ራልፍ ባጋሊ የተባለ ወዳጅ አግዞት ዕቃው ተሠራ።

መጀመሪያ ለሙከራ በወጣው ባቡር ላይ የደረሰውን ነገር የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይተርኩታል። ባቡሩ ከፒትስበርግ ገና ብዙ ሳይርቅ አንድ ባለ ጋሪ ሐዲዱን ሲያቋርጥ ፈረሶቹ ደንብረው ሰውየው ከፊቱ ወደቀ። ነጂው ዳንኤል ቴት አዲሱን ቫልቭ ባንድ ጊዜ አዞረው፤ ተሳፋሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተወረወሩ፥ ባቡሩ ግን ከሰውየው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ሚያዝያ 13 ቀን 1869 የፈጠራው መብት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመትም የአየር ፍሬን ኩባንያውን አቋቋመ።

እስዚህ ድረስ ያለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ግን የሰውየው ታላቅነት የሚታየው ከዚህ በኋላ፥ የገዛ ሥራውን ጉድለት በመረመረበት ጊዜ ነው። የ1869ኙ ፍሬን የሚይዘው ነጂው አየር ሲልክ ነው። ታዲያ ቱቦው ቢበጠስ? ፉርጎዎቹ ለሁለት ቢቆረጡ? አየር አይደርስም፤ ፍሬኑም አይይዝም። ይኸውም ማለት ፍሬኑ የሚጠፋው ይበልጥ በተፈለገበት ሰዓት ነው። ዌስቲንግሐውስ በ1872 ነገሩን ገለበጠው። ለያንዳንዱ ፉርጎ የራሱን የአየር ጋን ሰጠው፤ ዋናው ቱቦ ሁልጊዜ በአየር የተሞላ እንዲሆን አደረገ፤ በመካከላቸውም ሦስት ሥራ የሚሠራ ቫልቭ አስገባ። በቱቦው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ፍሬኑ የተለቀቀ ነው። ነጂው አየሩን ሲያስተነፍስ፥ ወይም ቱቦው በራሱ ሲበጠስ፥ የፉርጎው ጋን ያጠራቀመውን አየር ወደ ፍሬኑ ይልካል። ስለዚህ የተቆረጠው ባቡር ሁለቱም ወገኑ በራሱ ይቆማል። ዛሬ በትልልቅ ካሚዮኖች ተሳቢ ላይ የአየር ቱቦ ሲበጠስ ተሳቢው ባለበት የሚይዘው በዚሁ ሐሳብ ነው።

በ1878 ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ከካፒቴን ዳግላስ ጋልተን ጋራ በባቡር ላይ ምርመራ አደረገ። በዚያ የተገኘው ነገር ለማንኛውም ሹፌር የሚጠቅም ነው፤ ፍሬን ጎማውን ጨርሶ አቁሞ ሲያንሸራትተው የማቆም ኃይሉ ይቀንሳል። ይበልጥ የሚያቆመው እየተሽከረከረ በኃይል የተያዘ ጎማ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፈተና የመጣው በ1886 እና በ1887 ነው። በአይዋ ክፍለ ሀገር በበርሊንግተን 50 ፉርጎ ያላቸው ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ተዘጋጅተው ፈልሳፊዎች ሁሉ ፍሬናቸውን እንዲያሳዩ ተጠሩ። የዌስቲንግሐውስ ፍሬን ተዋረደ። የፊተኞቹ ፉርጎዎች ሲይዙ የኋለኞቹ ገና ስላልያዙ፥ ጭራው ፊቱን በኃይል ይመታው ነበር፤ በኋለኛው ፉርጎ የነበሩ ታዛቢዎች ተወርውረው ተጎዱ። የተሻለ የሠሩት ቫልቮቻቸው በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ፍሬኖች ሆኑ፤ ኤሌክትሪክ ከፊት እስከ ኋላ ባንድ ቅጽበት ይደርሳልና። ዳኞቹም መጪው ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። የሚያስገርመው፥ ዌስቲንግሐውስ በዚያው ጊዜ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለቤት ነበረ፤ ቢፈልግ ባለቀለት መንገድ መሄድ ይችል ነበር። እርሱ ግን የሳሳ ሽቦና ያልተመቸ መጋጠሚያ በጭነት ባቡር ላይ እንደማይበረክት አሰበ። ወደ ፋብሪካው ተመልሶ በጥቂት ወራት ውስጥ ቫልቩን አሻሻለው፤ እያንዳንዱ ፉርጎ አየሩን በያለበት እያስተነፈሰ ትእዛዙን ለሚቀጥለው ያቀብላል። በዚሁ በ1887 ባለ 50 ፉርጎውን ባቡር ያለ ግጭት አቆመው።

ታዲያ ኤሌክትሪክ ያኔ ቢሸነፍም፥ ቆይቶ በሌላ በር ተመልሷል፤ ይኸውም በትንንሽ ተሳቢ ላይ ነው። በቡርቃ ጃቶ የሚኖር አንድ ነጋዴ በፒካፑ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ሊጎትት አሰበ እንበል። እንዲህ ባለው ተሳቢ ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ኮረንቲ ሲያገኝ ከሚዞረው ታምቡር ጋራ ይጣበቅና ተጎትቶ የፍሬኑን ሸራ ይገፋል። ኮረንቲውን መጥኖ የሚልከው ከመሪው አጠገብ የሚታሰር ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ፍሬን በጠባዩ የሚመስለው የ1872ቱን ሳይሆን የ1869ኙን ነው። ኮረንቲ ከሌለ ፍሬን የለም! ስለዚህ ነጋዴው ስለ መቆጣጠሪያው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት፥ ተሳቢው ላይ የራሱ ባትሪና ተሳቢው ሲላቀቅ ተስቦ የሚወጣ ማብሪያ መኖሩን ይጠይቅ። ይህች ባትሪ የዌስቲንግሐውስን የአየር ጋን ሥራ ትሠራለች፤ የሞተች ከሆነች ግን ጌጥ ናት።

መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አስቀድሞ በተወሰነለት ልክ ኮረንቲውን እየጨመረ የሚልክ ነው፤ በቀስታ ይረገጥ በድንጋጤ አይለይም። ሁለተኛው የመኪናው ፍጥነት ምን ያህል እንደ ቀነሰ በውስጡ ባለው መለኪያ እያየ ለዚያው የሚመጥን ይልካል። የመጀመሪያው ይረክሳል። ለከተማ መንገድና ለቀላል ጭነት ሊበቃ ይችላል፤ የዴዴሳን ቁልቁለት ለሚመላለስ ግን እኔ ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ፤ የበርሊንግተን ጣጣ የመጣው ኋላና ፊት እኩል ባለመያዛቸው ነበርና።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኃይሉ ከባትሪው በቀጥታ፥ ግን በፊውዝ ወይም በራሱ በሚቆርጥ መከላከያ በኩል ይምጣ፤ አንዱ ሽቦ ከፍሬን መብራት ማብሪያ፥ አንዱ ከመሬት፥ አንዱም ወደ ተሳቢው መሰኪያ ይሄዳል። ሽቦው ከሳሳ ኮረንቲው ማግኔቱ ዘንድ ሳይደርስ ይደክማል፤ መሬቱ ከዛገ መያዝና አለመያዝ የዕድል ነገር ይሆናል። ልኬት ያለው መቆጣጠሪያ አምራቹ ባዘዘው አኳኋን ተስተካክሎ ካልታሰረ አይለካም። የቮልቱም ነገር አይዘንጋ፤ ፒካፑ 12 ቮልት ነው፥ ትልቁ ካሚዮን ግን አብዛኛውን ጊዜ 24 ነው፤ የዚያም ተሳቢ በአየር እንጂ በዚህ ዕቃ አይቆምም። ዕቃው ከታሰረ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ፥ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ እየያዙ ኃይሉን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ትንሽ መልሶ መቀነስ፤ ጋልተንና ዌስቲንግሐውስ ያገኙትን አስታውሱ። ተሳቢው ባዶ ሲሆንና ሲጫን ልኩ አንድ ስላልሆነ፥ ጭነት ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። መልካም ፍሬን ተገኘ ማለት ሁሉ ገዛው ማለት አልነበረም። ባለ ሐዲዶቹ በመንገደኛ ባቡር ላይ ፈጥነው ሲያስገቡት በጭነቱ ላይ ግን ወጪ በዛ እያሉ ሠራተኛውን በጣራ ላይ ማስሮጣቸውን ቀጠሉ። ሎሬንዞ ኮፊን የተባለ የአይዋ ሰው ለብዙ ዓመታት ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት እየዞረ ከወተወተ በኋላ ነው በመጋቢት 1893 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ያስገደደው። ከመጀመሪያው ፍሬን 24 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የሞቱት ፍሬን ያዦች የሞቱት መላ ጠፍቶ ሳይሆን መላው መጋዘን ተቀምጦ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራው ለብቻው አንድ ጽሑፍ የሚፈልግ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1886 ያቋቋመው ኩባንያ ተለዋዋጭ ኮረንቲን ይዞ ከኤዲሰን ጋራ ተፋለመ፤ በ1888 የኒኮላ ቴስላን የፈጠራ መብቶች ወሰደ፤ በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አበራ፤ ቀጥሎም የናያግራን ፏፏቴ ኃይል ወደ ሩቅ ከተማ ለማድረስ መሣሪያውን ሠራ። በሆሮ ጉዱሩ በ1973 ሥራ የጀመረው የፊንጫ ማመንጫ የውኃውን ኃይል ከተራራ ወደ ከተማ የሚልከው ያኔ በተቀየሰው መንገድ ነው።

በ1907 በአሜሪካ የገንዘብ ድንጋጤ ሲነሣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ባንኮቹ ገቡበት፥ እርሱም ከገዛ ኩባንያው ሥልጣን ወረደ። በ1911 ጨርሶ ተለያየ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በተቃዋሚው በኤዲሰን ስም የተሰየመውን ሜዳይ ሸለመው። የአየር ፍሬኑ ኩባንያ ግን አልወደቀም ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ፊቱን ወደ መኪና አዙሮ፥ የጎርባጣ መንገድን ንዝረት በታመቀ አየር የሚያለዝብ ሞላ ይሠራ ነበር። ልቡ ታሞ መጋቢት 12 ቀን 1914 በኒውዮርክ ሞተ፤ 360 ያህል የፈጠራ መብት በስሙ ነበረ። ባለቤቱ ማርገሪትም ሦስት ወር ያህል ቆይታ ተከተለችው። የተቀበረው በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ነው፤ እዚያ የገባውም በፈልሳፊነቱ ሳይሆን በልጅነቱ ዘምቶ ስለ ነበረ ነው።