አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊና የወለቀ ትከሻ

ባለፈው ኳስ ሜዳ ላይ የአንድ ወንድማችን ትከሻ ሲወልቅ ከበነው ቆመን ጎትቱት፣ አትጎትቱት ተባባልን። ደግነቱ ማንም አልነካውም። ማታ መስጂድ ስንገናኝ ወሬው ወደ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ሄደ።

እኚህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ በአንዳሉስ፣ ቁርጡባ አጠገብ ባለችው መዲነቱ አዝ-ዘህራ ተወለዱ። ስለ ልጅነታቸው የተጻፈው ጥቂት ነው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፋቸው ግን 30 ክፍል አለው። የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስብራትና ውልቃት ነው፤ መሣሪያዎቹም በሥዕል ተቀምጠዋል (እኛን ኢንጂነሮቹን የሳበን ይኸው ነው)።

የወለቀ መገጣጠሚያ ሳያብጥ ቶሎ መመለስ አለበት ይላሉ። ካበጠ ግን እብጠቱ እስኪቀንስ አይጎተትም፤ መጎተቱ ጡንቻውን ያኮማትራል፣ ሕመሙንም ያብሳል። ከተመለሰ በኋላ ታስሮ ያርፋል። እየደጋገመ ለሚወልቅ ትከሻ ብብት አካባቢ ያለውን ቆዳ በጋለ ብረት ይተኩሱ ነበር። ይህን ዛሬ ማንም እንዳይሞክረው፤ የላላውን ጅማት የሚያጠብቅ ቀዶ ሕክምና አለ።

ከሁሉ የነካን ግን ስለ አላዋቂ ሐኪሞች የጻፉት ነው። የአካልን አሠራር ያልተማረ አንድ ሰው የሴትን አንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥር ቆርጦ እንደገደላት ይተርካሉ። እኛም ሜዳ ላይ ለመጎተት እጃችንን ሰብስበን ነበር እኮ።

አዝ-ዘህራዊ በ1013 አካባቢ አረፉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቀዶ ሕክምና ክፍላቸው ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ አውሮፓም ለዘመናት ተማረበት።

ወንድማችን በዚያው ምሽት ራጅ ተነስቶ ትከሻው ተመልሶለታል፤ ክንዱ እስካሁን እንደታሰረ ነው።