ዱላውን የጣለው መምህር፦ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ

በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጎረቤቶቹ ግትርና ሰው የማይቀርበው አድርገው የሚያዩት አንድ ሰው ይኖር ነበር። ትዳር አልያዘም፤ ግብዣ አይወድም፤ ብዙ ሰዓቱን የሚያሳልፈው በጫካ ውስጥ ብቻውን በመዘዋወር ነው። የከተማዋ ልጆች ግን ከጎልማሶቹ በተለየ ያውቁት ነበር። ይህ ሰው ጸሐፊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ነው።

ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1817 ከእርሳስ ሠሪ አባት ተወለደ። በ1837 ከሃርቫርድ ተመርቆ በኮንኮርድ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህርነት ተቀጠረ። ወቅቱ የኢኮኖሚ ቀውስ የበረታበትና ሥራ የታጣበት ስለነበር ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳስተማረ ግን ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አንዱ ክፍሉን ጎበኙና ተማሪዎቹን ካልገረፈ ሥርዓት እንደማይኖር ነገሩት። ቶሮ በታዘዘው መሠረት ጥቂት ልጆችን መታ። ያደረገው ግን ኅሊናውን አላሳረፈውም፤ በዚያው ቀን ሥራውን ለቀቀ።

በቀጣዩ ዓመት ከታላቅ ወንድሙ ከጆን ጋር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። እዚያ ዱላ አልነበረም። ልጆቹን ወደ ሜዳ፣ ወደ ወንዝና ወደ ጫካ እየወሰዱ በዓይናቸው ያዩትን ያስተምሯቸው ነበር። በጆን ሕመም ምክንያት ትምህርት ቤቱ በ1841 ተዘጋ። ጆን በጥር 1842 ምላጭ ጣቱን ቆርጦት በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሞተ። ሐዘኑ ቶሮን ክፉኛ ጎዳው።

ጁላይ 4 ቀን 1845 ቶሮ ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በዋልደን ሐይቅ ዳር፣ በወዳጁ በራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን መሬት ላይ በገዛ እጁ ወደ ሠራት አንዲት ክፍል ቤት ገባ። ቤቷ የፈጀችው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበር። በዚያም ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖረ።

ከወለሉ ሥር ጎጆዋን የሠራች አንዲት የዱር አይጥ ምሳ ሲበላ እየወጣች ፍርፋሪ ትለቅም ነበር። ቀስ በቀስ ተላመደችውና ልብሱን ይዛ እየወጣች በጣቶቹ መካከል ከያዘው አይብ መብላት ጀመረች። አንድ ጊዜም በከተማዋ አትክልት ሲኮተኩት ድንቢጥ መጥታ ትከሻው ላይ አረፈች፤ ይህንንም ከየትኛውም ሹመት የሚበልጥ ክብር አድርጎ ቆጠረው። ኤመርሰን እንደመሰከረለት ዓሣዎች ወደ እጁ ይገቡ ነበር፤ ቀበሮዎችንም ከአዳኞች ይከላከልላቸው ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት መቀመጥን ያውቅ ነበር።

ከሰው መራቁ ግን የሰውን በደል አላስረሳውም። በጁላይ 1846 ባርነትን ለሚደግፍና በሜክሲኮ ላይ ለዘመተ መንግሥት ግብር አልከፍልም በማለቱ አንድ ሌሊት ታሰረ። በ1851 ደግሞ ከባርነት ያመለጠን አንድ ሰው በባቡር አሳፍሮ ወደ ካናዳ ሸኝቷል። ስለ እምቢታው በ1849 ያሳተመው ጽሑፍ በኋላ ጋንዲንና ማርቲን ሉተር ኪንግን አነቃቅቷል።

ከሐይቁ ከተመለሰ በኋላም የዱር ፍሬ ለቀማ ሲወጣ የጎረቤት ልጆችን ያስከትል ነበር። አንድ ቀን የኤመርሰን ልጅ ተደናቅፎ የለቀመው ፍሬ ሁሉ ሲበተንበት አለቀሰ። ቶሮ አቅፎ አባበለው፤ ልጆች አልፎ አልፎ ባይደናቀፉ ኖሮ ለሚመጣው ዘመን ፍሬውን የሚዘራው ማን ነበር ብሎም አጽናናው። ልጁ ፈገግ አለ። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ሆነ፤ በስተርጅናም ስለ ቶሮ መጽሐፍ ጻፈ።

ቶሮ ሜይ 6 ቀን 1862 በ44 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በቀብሩ ዕለት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ወዳጁ ብሮንሰን አልኮት ተማሪዎች ወጥተው እንዲሸኙት አደረገ። ከ25 ዓመት በፊት ልጆችን አልመታም ብሎ የሕዝብ ትምህርት ቤትን የተሰናበተው መምህር፣ የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገው በተማሪዎች ታጅቦ ነበር።