ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንና በገበታው ላይ ያልወደቀው ጥላ

ፍሬ ጽዮንን ስማቸው ከጠፋ ሠዓልያን መካከል ለይቶ ያወጣው አንድ ጽሑፍ ነው፤ በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለ ትልቅ የእንጨት ገበታ ላይ፣ ሥዕሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በእጁ መሠራቱ ሰፍሯል። ንጉሡ የድንግል ማርያምን ክብር በግዛቱ ሁሉ ያጸና ነበርና፣ የሠዓሊውም ድካም በአብዛኛው ድንግልን ከልጇ ጋር በመሣል ላይ ዋለ። በባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም የሚገኘው ባለሁለት ገጽ ሥዕል ለእርሱ ወይም ለተከታዮቹ ይሰጣል።

ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማዛቾ በፍሎረንስ ብራንካቺ ጸሎት ቤት የሣላቸውን ሰዎች ጥላ ከቤቱ እውነተኛ መስኮት አቅጣጫ ጋር አስማምቶ ነበር። ፍሬ ጽዮን ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ቅዱሳኑ በጠራ መስመርና በደማቅ ቀለም ይቆማሉ፤ ብርሃን የሚገባበት መስኮት የለም፣ በጀርባቸውም የሚያርፍ ጥላ የለም።

በኮምፒውተር የተሠራን ምስል በፎቶግራፍ ላይ የሚያኖር ባለሙያ ለጥላው የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ጥላው የሚያርፍበትን ገጽ፣ እንዲሁም የጠርዙን ልስላሴ የሚወስነውን የብርሃን ምንጭ ስፋት ማወቅ አለበት። ከደጋው ገበታ ሦስቱንም ማውጣት አይቻልም። በዲጂታል እድሳት ስም ጥላ የሚጨምርበት ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ሥዕሉን ከፍሬ ጽዮን ነጥቆ ለሌላ ሠዓሊ ይሰጠዋል። በዚያው ሐይቅ ፊቶች በጥላ ሲደልቡ የምናየው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ነው።