ከካሽ ሬጅስተር እስከ ሞተሪኖ፡ የቻርልስ ኬተሪንግ ሕይወት

በትምህርት ክፍላችን ኦምን፣ ፋራዳይን ወይም ኤዲሰንን የማያውቅ ተማሪ የለም። ቻርልስ ኬተሪንግን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔ ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሳሁት በመቀሌ ጋራዦች በየጊዜው የሚያጋጥመውን የሞተር ሳይክል በቁልፍ አልነሳም ማለት ለመረዳት የእሱ ታሪክ ስለጠቀመኝ ነው።

ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1876 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በሎደንቪል አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ትምህርቱን ለማቋረጥ ተገደደ። ይሁንና እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የስልክ መስመር ዘርጊዎች ኃላፊ ሆኖ ምሰሶ እያስተከለ ሠራ። በኋላ ተመልሶ በ1904 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲመረቅ 27 ዓመቱ ነበር።

ከምረቃ በኋላ የተቀጠረው ዴይተን ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ነበር። እዚያም በእጅ ይዞር የነበረውን የሱቅ ሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አደረገ። ከዚህ ሥራ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ተማረ። ማሽኑ የሚዞረው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ከረንት ለአጭር ጊዜ ቢሰጠው ሳይቃጠል ከባዱን ሥራ ሠርቶ ያርፋል።

በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ሆኖ ዴልኮ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሥራው የተጀመረው ከዲድስ ቤት ጀርባ ባለ ጎተራ ውስጥ ነው። በዚያን ዘመን መኪና የሚነሳው በእጅ በሚዞር ማንቬላ ሲሆን፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ የስንቱን ክንድ ሰብሯል። መኪና የሚያስነሳ የኤሌክትሪክ ሞተር እጅግ ግዙፍ መሆን አለበት የሚሉ ነበሩ። ኬተሪንግ ግን የካሽ ሬጅስተሩን ትምህርት ይዞ መጣ። ሞተሪኖው ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው። በ1911 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ የ1912ቱ ካዲላክም ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው መኪናውን ካስነሳ በኋላ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላ ነበር።

ሞተር ሳይክል ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኢንዲያን የተባለው አምራች በ1914 ሄንዲ ስፔሻል በተሰኘው ሞዴሉ ላይ ሞተሪኖ ቢገጥምም የዘመኑ ባትሪ አልቻለውምና ተወው። ሆንዳ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1965 በትልልቅ ሞተር ሳይክሎቹ ላይ መልሰው አመጡት። እንግዲህ የኬተሪንግ ሐሳብ የሚሠራው ባትሪውም መንገዱም ያን ትልቅ ከረንት ማሳለፍ ሲችሉ ብቻ ነው ማለት ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ለተግባር ልምምድ በቆየሁበት አንድ ጋራዥ ሻንሲው ተቆርጦ የተቀየረና እንደ አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተር ሳይክል መጣ። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል፣ ቁልፉ ሲነካ ግን ሪሌው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱ በሞተር ሳይክሉ ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ አዲስ ባትሪ ግዛ ተብሎ ብድር ሊፈልግ ነበር።

እንደ ኬተሪንግ እናስብ። መጥፎ ግንኙነት ባለበት ቦታ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ አለ እንበል። 1 አምፔር የሚወስድ አምፖል እዚያ የሚያጣው 0.05 ቮልት ብቻ ስለሆነ ደህና ይበራል። ሞተሪኖው 60 አምፔር ሲጠይቅ ግን 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መብራት መብራቱ ለሞተሪኖው ማስረጃ አይሆንም፤ መለካት ያለበት ቁልፉ ተነክቶ ባለበት ሰዓት ነው።

ቴስተሩ ባትሪው ላይ ሲደረግ ያለ ሥራ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ቁልፉ ሲነካም ከ11 በታች አልወረደም። ከ9.6 በታች ቢወርድ ኖሮ ባትሪውን ወይም ራሱን ሞተሪኖውን እንጠረጥር ነበር። ቀጥሎ በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሪኖው አካል መካከል ለካን። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የማይገባው ንባብ 3 ቮልት ገደማ ሆነ። የኔጋቲቩ ኬብል የታሰረው በአዲሱ ቀለም ላይ ኖሯል! ቀለሙ ተፍቆ ብሎኑ ሲጠብቅ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ሰውየውም ከብድር ዳነ።

እርግጥ ባትሪው ራሱ የሚሞትበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በነዳጅ እጦት ብዙ ተሽከርካሪዎች ቆመው ነበር፤ ሳይሞላ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ደግሞ ፕሌቶቹ በሰልፌት ይደርቃሉ። ልዩነቱን የሚነግረን ግምት ሳይሆን ልኬት ነው።

ኬተሪንግ እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስን ምርምር መራ፤ ከ180 በላይ የፈጠራ መብቶችም አሉት። ሆኖም ሁሉም ሥራው የሚመሰገን አይደለም። በእሱ ሥር በ1921 የተገኘው እርሳስ ያለበት ቤንዚን የብዙ ሕዝብ ጤና ጎድቶ፣ ለተሽከርካሪ መሸጡ በዓለም ዙሪያ ያበቃው በ2021 ነው። በሌላ በኩል በ1945 በኒውዮርክ የተቋቋመው የካንሰር ምርምር ተቋም ስሙን ይዟል። ኖቬምበር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ አረፈ።

ለእኛ የተወልን ትምህርት አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ያ ዕቃ ምን ያህል ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ መጠየቅ። ይህን የጠየቀ ተማሪ የድሃ ኪስ ያድናል።