የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የማጥቃት ስልት፦ በሰንጠረዥ ጨዋታ ሕግ የታየ የሕይወት ታሪክ

መግቢያ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ የሐይቅን ከተማ አልፎ ወደ አምባሰል ያመራል። በከተማዋ አቅራቢያ፣ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ የተኛው አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል፤ ትርፍ ውኃውም በወንዝ ወርዶ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይፈስሳል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ውጫሌ ይደረሳል። በውጫሌ አጠገብ በይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር በታሪክ የውጫሌ ውል ተብሎ የሚታወቀውን ስምምነት ተፈራረሙ። ከአምባሰል ቀጥሎ ያለው የጁ ደግሞ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል የገዙት አገር ነው። እንግዲህ ከአርዲቦ እስከ የጁ ያለው ምድር የእቴጌይቱን ታላቅ የፖለቲካ ግጥሚያ መነሻም፣ የወገናቸውን ኃይል መደገፊያም የያዘ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በአንባቢ ዘንድ የሚታወቁት የዐድዋ ጀግናና የአዲስ አበባ መሥራች በመሆናቸው ነው። በዘመኑ ለሴት ልጅ እምብዛም ያልተለመደ ትምህርት እንደነበራቸው፣ በገና እንደሚደረድሩና ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱም ይታወቃል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ተጠቅሶ የሚታለፍ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የሰንጠረዥን ሕግ እንደ መለኪያ ወስዶ የእቴጌይቱን የማጥቃት ስልት ይመረምራል። ዓላማው ጨዋታው ፖለቲካን አስተማራቸው ለማለት አይደለም። እቴጌይቱ ችኩልና ጦርነት ናፋቂ ነበሩ የሚለው አመለካከት ከሥራቸው ጋር እንደማይስማማ፣ ድላቸውም ሆነ ውድቀታቸው ከአንድ ስልት የመነጨ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሰንጠረዥና ሕጉ

ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዐረብ አገር የመጣው የጥንቱ የሻትራንጅ ጨዋታ በኢትዮጵያ የያዘው መልክ ነው። ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን በጥቁር መስመር በ64 ቤቶች ይከፈላል፤ ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ በነጭና በጥቁር አይለዩም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች አሉት። በዛሬው ቼዝ ንግሥት የምትባለው ጠጠር በሰንጠረዥ የለችም፤ በቦታዋ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ አማካሪ ነው።

ሰንጠረዥን ከሌሎች የቼዝ ዓይነቶች ሁሉ የሚለየው ወረራ የሚባለው መክፈቻው ነው። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የወደደውን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሰ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የተጠና መክፈቻ አይረዳም፤ የተቃዋሚን እጅ እያዩ የራስን አሰላለፍ መለወጥ ግድ ይላል። ፈጣን ተጫዋች ሁሉ በወረራ አይረታም፤ የመጀመሪያዋን ጠጠር መቼ እንደሚበላ የሚያውቅ ግን ይጠቀማል።

ሌላው ደንብ የአሸናፊነት ክብርን ይመለከታል። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ጥበብ አያሰኝም ነበር። በሁለት ፊሎች መተባበር የተገኘ ድል ይወደሳል፤ በትንንሾቹ መደቆች የተገኘ ድል ግን ከሁሉ የላቀ ነው። ደግሞም የተቃዋሚን ጠጠር ሁሉ በልቶ ንጉሡን ብቻውን ያስቀረ ተጫዋች ድሉን ያጣል፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልምና። እነዚህን ሕጎች በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን መዝግቧቸዋል፤ ኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት በጥናቱ አብራርቷቸዋል። ጨዋታው በመሳፍንትና በመኳንንት ግቢ፣ ተመልካች ዙሪያውን ከቦ ምክር እየወረወረ የሚካሄድ ነበር።

ከተሸነፈ ቤት የተነሡ ልዕልት

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ነው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከስሜን ተነሥተው ትግሬን ጭምር የገዙ ኃያል መስፍን ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ አሸናፊውም ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጣይቱ ያደጉት እንግዲህ በአንድ ቀን ውጊያ ሥልጣኑን ባጣ ቤት ጥላ ሥር ነው። አንድ የተሳሳተ ግጥሚያ ትውልድን እንደሚያዋርድ የቤተሰባቸው ታሪክ ይመሰክር ነበር።

ያልጸኑ ትዳሮችን ካሳለፉ በኋላ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን አገቡ። ይህ ጋብቻ ለምኒልክ የሰሜኑን መኳንንት ወዳጅነት፣ ለጣይቱ ደግሞ የጠፋውን የቤታቸውን ክብር መመለሻ መንገድ ሰጠ። በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሜዳው የወረደችውን ከተማ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ ደፉ።

የውጫሌ ውልና ረጅሙ ወረራ

በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ይህንን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ስለ መንገሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ በኢጣሊያ በኩል መምጣት ነበረበት የሚል መልስ ባስከተለ ጊዜ ልዩነቱ ገሃድ ወጣ።

ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ነገሩን ለማለሳለስ አዲስ አበባ ሲመጣ እቴጌይቱ በክርክሩ መካከል ነበሩ። ኢጣሊያ ለክብሯ የምትሟገት ከሆነ ኢትዮጵያም የምትጠብቀው ክብር እንዳላት አስረድተው አንቀጹ እንዲሰረዝ አጥብቀው ያዙ። አንቶኔሊ በመጨረሻ የተስማማበት የአማርኛ ጽሑፍ የአንቀጹን መሰረዝ የሚገልጽ መሆኑን ፈርሞ ካበቃ በኋላ ዐወቀ፤ ተቆጥቶም በየካቲት ከአገር ወጣ። ውጫሌ ላይ በቋንቋ የተጠመደው ወጥመድ አዲስ አበባ ላይ በቋንቋ መልስ አገኘ።

እቴጌይቱ ችኩል ነበሩ ለሚለው አመለካከት ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። አገሪቱ ክፉ ቀን በተባለው ረሃብና በከብት እልቂት ተጎድታ ነበርና ወዲያው መዋጋት አልተቻለም። ከአንቶኔሊ መባረር እስከ ክተት ዐዋጁ አራት ዓመት ተኩል አለፈ። በዚህ ጊዜ ከኢጣሊያ የተወሰደው ብድር ከነወለዱ ተከፈለ፤ ጠመንጃና መድፍ ከልዩ ልዩ አገሮች ተገዛ፤ ውሉ በ1885 ዓ.ም. በይፋ ተሰረዘ፤ ራስ መንገሻ ዮሐንስም በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ገቡ። በቃል እንቢ ያሉት እቴጌ በተግባር ግን ዝግጅቱ እስኪሞላ የጠበቀው ቤተ መንግሥት አካል ነበሩ። በሰንጠረዥ ቋንቋ ይህ ወረራ ነው፤ አሰላለፉ እስኪጸና ድረስ ጠጠር አይበላም።

መቀሌና ዐድዋ

ክተት በመስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ታወጀ። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ግንባር አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያን ምሽግ ሰበረ። ቀጥሎ ያለው የመቀሌ ምሽግ ግን በቀላሉ የሚደፈር አልነበረም። በኮረብታ ላይ የተሠራ፣ በሜጀር ጋሊያኖ የሚመራና ከሺህ በላይ ወታደር የያዘ ነበር። ፊት ለፊት የተሰነዘረው ጥቃት ብዙ ሕይወት አስከፍሎ ከሸፈ።

በዚህ ሰዓት የእቴጌይቱ የማጥቃት ስልት ጎልቶ ታየ። ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ከግንቡ ውጭ ካሉ ምንጮች የሚቀዳ ነበር። እቴጌይቱ ከራሳቸው ጦር ሰዎች መድበው ምንጮቹን አስያዙ፤ ጠላት ደጋግሞ ሊያስለቅቃቸው ቢሞክርም አልሆነለትም። ከግንቡ ጋር የሚታገለው ኃይል ምንጭ ወደሚጠብቅ ኃይል ተለወጠ። ሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ጥም ከተሠቃየ በኋላ ምሽጉ በጥር ወር እጁን ሰጠ። መድፍ ያልሠራውን ጥቂት የውኃ ጠባቂዎች ሠሩት፤ የሰንጠረዥ ሰው በመደቅ የተገኘ ድል ይለዋል።

ምኒልክ የተሸነፈው ጦር ከነመሣሪያው እንዲሄድ ፈቀዱ። ውሳኔው ያስገረመው ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን የተለቀቁት ወታደሮች በኢትዮጵያ ጦር ታጅበው ሲጓዙ፣ ዋናው ሠራዊት ያለ ውጊያ ወደ ዐድዋ የሚያደርሰውን መንገድ ያዘ። ለተቃዋሚ ጥቂት ጠጠር ትቶ ቦታ መያዝ በገበታው ላይም የታወቀ ብልሃት ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17,000 በላይ ሰው ይዞ ዐድዋ ላይ ገጠመ። የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ እያለቀበት ስለነበር፣ የመጠበቅ ስልት ዋጋው እየናረ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ጠላት ቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ብዙ መቆየት ባልተቻለ። በዕለቱ እቴጌይቱ 5,000 ያህል እግረኛ ነበራቸው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደመዘገቡት ጥላ አስይዘው በእግራቸው እየሄዱ ወደ ኋላ ያለውን ጦር ያበረታቱ ነበር። በሴቶቹ በኩል ደግሞ ውኃ ለተዋጊውና ለቁስለኛው እንዲደርስ አደረጉ። መቀሌ ላይ ለጠላት የተነፈገው ውኃ ዐድዋ ላይ ለወገን ታደለ። ለእቴጌይቱ ማጥቃት ማለት ከሁሉ በፊት ጦር የሚኖርበትን ነገር መቆጣጠር እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አረጋገጠ።

የመጨረሻው ግጥሚያ

ከዐድዋ በኋላ ግጥሚያው ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ምኒልክና ጣይቱ በጋብቻቸው ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ በሕመም እየደከሙ ሲሄዱ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ እየገባ መጣ። እርሳቸውም ያንኑ የቆየ ስልት ተጠቀሙ፤ ጠጠሮቻቸውን በየቦታቸው አሰለፉ። የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ፤ ሌላዋ የራስ ወሌ ልጅ ከፋይ ደግሞ ለራስ መንገሻ ተዳሩ። ሹመትም እየተሰጠ፣ እየተነሣም የስሜንና የየጁ ወገን ተጠናከረ።

ነገር ግን ወረራ ለሁለቱም ወገን የተፈቀደ ነው። እቴጌይቱ ሲያሰልፉ የሸዋ መኳንንትም ያሰልፉ ነበር። የወሎው ራስ ሚካኤልና የምኒልክ ልጅ የሸዋረገድ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተብለው በ1901 ዓ.ም. ታወጁ። ከአርዲቦ ዙሪያ ያለው የወሎ አገር ኃይል በዚህ ጊዜ በሌላው ወገን ቆመ። እቴጌይቱ ውጫሌ ላይ የተጫወቱት ከሩቅ ከመጣ፣ የአገሩን ምንጭና መንገድ ከማያውቅ ባላጋራ ጋር ነበር። በ1902 ዓ.ም. የገጠሟቸው ግን ያንኑ ገበታ እኩል የሚያውቁ፣ ጦሩንም ግምጃ ቤቱንም ከውስጥ የያዙ ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት ወር መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ፤ ሥልጣኑም በእንደራሴው በራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እጅ ገባ።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ተሰደዱ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ አስቀድመው ያሰለፏት ጠጠር የመጨረሻው ቤት ደረሰች፤ ተጫዋቿ ግን ከገበታው ርቀው ነበር። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ኋላም ዐፅማቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው አጠገብ ዐረፈ።

መደምደሚያ

ከእቴጌይቱ ዕረፍት ዘጠኝ ዓመት በኋላ ቬራ ሜንቺክ ለንደን ላይ የመጀመሪያዋ የሴቶች የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ሆነች። የእርሷ ስልት በየግጥሚያው ከተመዘገቡት እንቅስቃሴዎች ይነበባል። የእቴጌ ጣይቱ ስልት የሚነበበው ከውሳኔዎቻቸው ነው፤ ውሳኔዎቹም ሲደረደሩ አንድ መልክ ይሰጣሉ። እንቢታውን ቀድሞ መናገር፣ ዝግጅቱን በትዕግሥት ማስረዘም፣ የጠላትን ትልቅ ኃይል በትንሽ ኃይል ከሚኖርበት ነገር መለየት። ይህ የችኩል ሰው ጠባይ አይደለም።

የስልቱ ድካምም ከብርታቱ አይለይም። ጊዜ ለሚያሰልፍ ሁሉ እኩል ነው፤ እቴጌይቱ በአንቶኔሊ ላይ የተጠቀሙበት ጊዜ በኋላ ለሸዋ መኳንንት ሠራ። ስለሆነም የእቴጌይቱን የመጨረሻ ዓመታት በሥልጣን ወዳድነት ብቻ፣ ወይም በሴትነታቸው በደረሰባቸው ጥላቻ ብቻ መተርጎም በቂ አይሆንም። በዐድዋ ያሸነፈችውና በአዲስ አበባ የተረታችው አንዲት ተጫዋች ናት፤ በሁለቱም ጊዜ የተጫወተችው በአንድ ሕግ ነው።